የእጅ ቤልት ሰንደር ለቤት ወርክሾፕ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቱ ውስጥ እንጨት መስራት የጀመረ ሰው ትራፓኖና መጋዝ ከገዛ በኋላ ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው ሰንደር፣ ማለትም እንጨት በብርጭቆ ወረቀት የሚያሸው ማሽን ላይ ነው። ክንዱ እስኪዝል በብርጭቆ ወረቀት ያሸ ሰው ይገባዋል። ከጓደኛ፣ ከጎረቤትና ከዘመድ ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። መልሱ የኔ አቋም ነው፤ ሌላ ባለሙያ ሌላ ሊላችሁ ይችላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ እናስተካክል። ከዚህ በታች «ቀበቶ» ስል ማሽኑ ላይ የሚጠለቀውን ክብ የብርጭቆ ወረቀት ማለቴ ነው። ማሽኑ ውስጥ ሆኖ ሞተሩን ከሩሎው (ቀበቶው ከሚዞርበት ሲሊንደር) ጋር የሚያገናኘውን ጎማ ደግሞ «ችንጋ» እለዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ሲምታቱ አይቻለሁ።

ቤልት ሰንደር ከሌሎቹ ሰንደሮች በምን ይለያል?

ሁለት ሩሎዎች አሉት። የኋላውን ሞተሩ ያዞረዋል፣ የፊቱ ቀበቶውን ወጥሮ ይይዛል። በመካከላቸው ጠፍጣፋ ላሜራ አለ፤ ቀበቶው እንጨቱን የሚበላው እዚያ ላሜራ ላይ ተደግፎ ነው። ሩጫውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ኦርቢታል ሰንደር ግን እየተንቀጠቀጠ ትንንሽ ክብ እየሰራ ነው የሚያሸው።

ስለዚህ ሥራቸው ይለያያል። ቤልት ሰንደር ይበላል፣ ኦርቢታል ያለሰልሳል። «ቤልት ሰንደር ገዝቼ ጠረጴዛዬን እንደ መስታወት አደርገዋለሁ» ብሎ ያሰበ ሰው ያዝናል፤ ማሽኑ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ያ ሥራ የሱ ስላልሆነ ነው። በእጅ የሚያዘው ቤልት ሰንደር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፣ ፖርተር ኬብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው ያወጣው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ መሠረታዊ አሠራሩ ግን ያው ነው።

በእርግጥ ያስፈልገኛል?

የምትሰሩት ከኤምዲኤፍ፣ ከቺፑድ ወይም ከፎርሜካ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። ገንዘባችሁን አታውጡ።

ገና ምንም ሰንደር የሌለው ሰውም መጀመሪያ ኦርቢታል ይግዛ። ይህን ስል የሚከፋቸው አሉ፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። ኦርቢታል በየቀኑ ይሠራል፣ ቤልት ሰንደር በወር ጥቂት ቀን ነው የሚወጣው። በወጣበት ቀን ግን የሁለት ቀን ድካም በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል። የዋንዛ ጣውላዎችን በኮላ አጋጥማችሁ ከፍና ዝቅ ያለ መጋጠሚያ ሲቀር፣ ከፈረሰ ቤት የተገኘ በር ላይ የተደራረበ ቀለም ስትልጡ፣ ወፍራም መክተፊያ ስትሠሩ፣ ከመጋዝ ቤት ሸካራ ሆኖ የመጣ ባህር ዛፍ ሲያጋጥማችሁ ዋጋውን ታውቃላችሁ።

«መላጊያ አለኝ፣ ለምን ሰንደር?» የሚሉም አሉ። መላጊያ ፈጣን ነው፣ ውፍረት ለመቀነስ ይሻላል። ግን ጅማቱ የሚዞር እንጨት ላይ ወይም ጉጥ አካባቢ ሥጋውን ቦጭቆ ያነሳዋል። ባህር ዛፍ ላይ በተለይ። ሰንደር አይቦጭቅም። እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ፤ መላጊያው ይቀድማል፣ ጉጥ አካባቢ ስደርስ ለሰንደሩ አስረክባለሁ።

የትኛው መጠን ይሻለኛል?

ይህን ገጽ የጻፍኩት ዋናው ምክንያት ይህ ጥያቄ ነው።

ሰው ሁሉ ማሽኑን መርጦ ይገዛና ከዚያ ቀበቶ ፍለጋ ይወጣል። ገልብጡት። መጀመሪያ የምትገዙበት አካባቢ የቀበቶ መጠን የትኛው እንዳለ ጠይቁ፣ ከዚያ እሱን የሚለብስ ማሽን ግዙ። ማሽን አንዴ ነው የሚገዛው፣ ቀበቶ ግን ያልቃል፣ ይቀደዳል፣ ይደፈናል። ቀበቶ የሌለው ሰንደር መደርደሪያ የሚያጣብብ ብረት ነው።

ይህ በኔ የደረሰ ነው። የመጀመሪያ ማሽኔ 65 በ410 ሚሊሜትር የሚባል ቀበቶ የሚለብስ ነበር። ትንሽ፣ ቀላል፣ ቆንጆ። ሦስት ቀበቶ ይዞ መጣ። ሦስቱ በሁለት ሳምንት አለቁ። ከዚያ ያልጠየቅኩት ሱቅ የለም። አንዱ ጋ ሰፊው አለ፣ አንዱ ጋ ረጅሙ አለ፣ የኔ ግን የለም። ትልቁን ቀበቶ ቆርጬ በኮላ ለማጣበቅ ሞከርኩ፤ ማሽኑን እንዳበራሁት ተበጥሶ ክንዴን ገረፈኝ። እባካችሁ ይህን አትሞክሩ። በቤት ውስጥ የተጣበቀ መጋጠሚያ ያንን ፍጥነት አይችለውም።

በዓለም ላይ በብዛት የሚገኙት የእጅ ማሽን መጠኖች ሦስት ናቸው። ትንሹ 76 በ457 ሚሊሜትር፣ በኢንች 3 በ18። መካከለኛው 75 በ533፣ ማለትም 3 በ21። ትልቁ 100 በ610፣ 4 በ24 ይባላል። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ቀበቶው ተቆርጦ ቢዘረጋ የሚኖረው ርዝመት። ሚሊሜትሩ በአንድ ወይም በሁለት ከፍ ዝቅ ብሎ ቢጻፍ አትጨነቁ፣ 75 እና 76 ያው ናቸው። ርዝመቱ ላይ ግን ድርድር የለም።

ክብደቱን ደግሞ በእጃችሁ አንስታችሁ እዩት። ማኪታ 9911 የሚባለው 76 በ457 የሚለብስ ነው፣ 650 ዋት፣ 3 ኪሎ አይሞላም። ቦሽ ጂቢኤስ 75 ኤኢ 75 በ533 ነው፣ 750 ዋት፣ 3 ኪሎ ተኩል አካባቢ። ማኪታ 9403 ግን 100 በ610 ለብሶ 1200 ዋት ይዞ ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል። ይህ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ጥሩ ነው፣ ክብደቱ ራሱ ይሠራላችኋል። ቆሞ ባለ በር ላይ ወይም በአንድ ጎን አዘንብሎ ለመያዝ ግን ፈተና ነው።

ለብዙ ሰው የምመክረው መካከለኛውን ወይም ትንሹን ነው፣ ቀበቶው በአቅራቢያችሁ ከተገኘ። ሱቁ ውስጥ ያለው የ100 በ610 ቀበቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ ክብደቱን ችላችሁ ትልቁን ውሰዱ።

ዋት ስንት ይበቃል? ፍጥነቱስ?

ለ75 ሚሊሜትር ስፋት ከ650 እስከ 900 ዋት ይበቃል። ለ100 ሚሊሜትር 1000 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ካርቶን ላይ የተጻፈ ትልቅ ዋት ብቻውን አያስደስታችሁ። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ የሚስበውን ነው የሚናገረው፣ ቀበቶው ላይ የሚደርሰውን አይደለም።

ከዋቱ ይልቅ ፍጥነቱ እንዲቀየር የሚያደርግ ትንሽ መዘውር መኖሩን እዩ። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። 9911 በደቂቃ ከ75 እስከ 270 ሜትር ይሄዳል። 9403 ደግሞ ፍጥነቱ አይቀየርም፣ ሁልጊዜ በደቂቃ 500 ሜትር ነው። ልምድ ያለው ሰው 500ውን ይወደዋል። ጀማሪ ግን ዓይኑን እስኪያርገበግብ ጠረጴዛው ላይ ሸለቆ ይቆፍራል። ቀለም ሲላጥም ዝግ ያለው ፍጥነት ይሻላል፤ ሲፈጥን ቀለሙ ቀልጦ ቀበቶው ላይ ይጋገራል።

ዘመዴ ከውጭ ሊያመጣልኝ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ከየት አገር እንደሚመጣ ይወስነዋል።

ከአሜሪካ ከሆነ አቁሙት። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። የአሜሪካ ማሽን የስፒናውን ቅርጽ ብቻ በሚቀይር ትንሽ መቀየሪያ እዚህ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ብዙ ጊዜም በሰከንዶች ውስጥ። ስንት ሰው ዘመዱ ሻንጣ አጣብቦ ያመጣለትን ዕቃ በዚህ መንገድ አጥቷል። «60 ኸርዝና 50 ኸርዝስ?» ትሉኝ ይሆናል፤ መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው፣ እዚያ 60፣ እኛ ጋ 50። ካርቦን (ለሚዞረው የሞተር ክፍል መብራት የሚያደርሱት ትንንሽ ቁራጮች) ያለው የእጅ ማሽን ላይ ኸርዙ ችግር አያመጣም። ገዳዩ ቮልቱ ነው።

ትራንስፎርመር ይፈታዋል፣ እውነት ነው። ግን ሞተር ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ ለ1200 ዋት ማሽን ቢያንስ የ2000 ዋት ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። እሱ ራሱ ከባድና ውድ ነው። ያንን ገንዘብ ማሽኑ ላይ ብትጨምሩት ይሻላል። ዘመዳችሁን ከማሽኑ ይልቅ ቀበቶ እንዲያመጣላችሁ ጠይቁት። ቀላል ነው፣ ቮልት የለውም፣ የ3 በ21 ቀበቶ ደግሞ አሜሪካ ሞልቷል። ለኔ እስካሁን ከመጡልኝ ስጦታዎች ሁሉ ያስደሰተኝ አንድ እሽግ ቀበቶ ነው።

ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱ ይስማማል። የዱባዩ ስፒና እንደ እንግሊዝ ሦስት ወፍራም ጥርስ ያለው ስለሆነ መቀየሪያ ወይም አዲስ ስፒና ይፈልጋል። ከእንግሊዝ ሲመጣ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። እዚያ የግንባታ ቦታ ማሽኖች ብዙዎቹ ለደኅንነት ሲባል 110 ቮልት ናቸው፣ ስፒናቸውም ቢጫና ክብ ነው። በቅናሽ ሲሸጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ብረት ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ 220፣ 230 ወይም 240 የሚል ቁጥር ካላያችሁበት ይቅር በሉት።

በባትሪ የሚሠራው እንዴት ነው?

አለ፣ ዲዋልት ለምሳሌ በ3 በ21 መጠን ይሠራል። ቤልት ሰንደር ግን ያለማቋረጥ ኃይል የሚበላ ማሽን ስለሆነ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የዚያ ብራንድ ባትሪ ብዙ ካላችሁ ብቻ አስቡበት። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ የቻርጀሩን ቮልት እዩ፤ ትርፍ ባትሪ ደግሞ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም።

ያገለገለ ብገዛስ?

ግዙ፣ እንዲያውም እወደዋለሁ። ምናለሽ ተራና መሰል ቦታዎች ያረጀ ግን ጠንካራ ማሽን ይገኛል። ብቻ ሳይበራ አትግዙ። «መብራት የለም እንጂ ይሠራል» ከተባላችሁ መብራት ሲመጣ ተመለሱ።

መጀመሪያ ሳታበሩት ገልብጡና ላሜራውን በጣታችሁ ዳብሱ። ከተሰረጎደ ወይም ጠርዙ ከተበላ ማሽኑ ቀጥ ያለ ነገር መሥራት አይችልም። ላሜራው ይቀየራል፣ ግን ዋጋው ላይ ተነጋገሩ። የኋላው ሩሎ ጎማ ለብሷል፤ ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም እንደ መስታወት ከለሰለሰ ቀበቶውን መያዝ ያቅተዋል። የፊቱን ሩሎ በእጅ አሽከርክሩት። እየተንኳኳ ወይም እየተፋጨ ከዞረ ኩሽኔታው አልቋል።

ከዚያ አብሩት። በካርቦኑ በኩል ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ የተለመደ ነው። ዙሪያውን የሚዞር ቢጫ እሳት ካያችሁና የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ተቃጥሏል፣ ተዉት። ካርቦን ብቻ ካለቀ ግን ርካሽ ነው፣ መጠኑን ተመልክቶ የሚሸጥ አይጠፋም። ሞተሩ እየጮኸ ቀበቶው ካልዞረ ችንጋው ተበጥሷል። ይህም ይቀየራል። ሻጩ ግን ይህን እንደ ትልቅ ብልሽት ስለሚቆጥረው ማሽኑን በርካሽ ሊለቅላችሁ ይችላል።

በመጨረሻ ቀበቶው ላሜራው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ መሄዱን ለሁለት ደቂቃ ቆማችሁ እዩ። ሰው ለዚህ ትዕግስት ያጣል።

ርካሹ ብራንድ ወይስ ማኪታና ቦሽ?

በየሱቁ የምታገኟቸው ኢንግኮና ቶታል ለቤት ሥራ ያገለግላሉ። በወር ሁለት ሦስት ቀን ለሚሠራ ሰው ማኪታ ግዴታ አይደለም። ልዩነቱ የሚወጣው ለረጅም ሰዓት ሲሠሩ፣ ቀበቶውን መሃል ላይ በመጠበቅና ከዓመታት በኋላ መለዋወጫ በማግኘት ነው። እንጀራችሁ ከዚህ ከሆነ ጠንካራውን ግዙ። ካልሆነ የተረፈውን ብር ለጥሩ ቀበቶ አውሉት። ርካሽ ማሽን በጥሩ ቀበቶ፣ ውድ ማሽን ባለቀ ቀበቶ ከሚሠራው በጣም ይበልጣል። የታወቀ ብራንድ ማርካ ለጥፎ የሚሸጥ አስመሳይ ዕቃም አለና ዋጋው ከሚገባው በላይ ከወረደ ጠርጥሩ።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ልግዛ ይሆን?

ያኛው ሌላ ዕቃ ነው። እሱ ላይ ማሽኑ ቆሞ እንጨቱ ነው ወደ ማሽኑ የሚሄደው። በብዛት የሚታየው 100 በ914 ሚሊሜትር ቀበቶና በጎኑ 150 ሚሊሜትር ክብ ሰሌዳ ያለው ነው። ትንንሽ ነገር ለሚሠራ፣ ለምሳሌ የበርጩማ እግር፣ የማንኪያ እጀታ፣ የሕፃናት መጫወቻ፣ በጣም ይመቻል። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የመሰለ ጥምዝ ሥራ የሚወድ ሰው ከእጁ ማሽን ይልቅ በዚህኛው ይደሰታል። የአልጋ ጎን ወይም የጠረጴዛ ገጽ ግን እሱ ላይ አይሠራም።

አንዳንድ የእጅ ማሽኖች ተገልብጠው ባንኮ ላይ በመያዣ የሚታሰሩ ናቸው። ቦታ ለጠበበው ሰው አንድ ማሽን ሁለት ሆነለት ማለት ነው። መያዣው የዚያ ማሽን የራሱ ከሆነ ብቻ አድርጉት። በሞርሳ ጨምቃችሁ አትገልብጡት፣ የፕላስቲክ ገላው ይሰነጠቃል።

ቀበቶ ቁጥር ስንት ልግዛ?

ቁጥሩ ሲያንስ ሸካራ ነው፣ ሲበዛ ለስላሳ። ሦስት ብቻ ያዙ፦ 60፣ 80 እና 120። 40 ለተጋገረ ቀለም ካልሆነ አያስፈልግም፣ የሚተወውን ጭረት ለማጥፋት ቀኑ ይመሻል። ከ120 በኋላ ቤልት ሰንደሩን አስቀምጡና ወደ ኦርቢታል ሂዱ፣ 120ን ደግማችሁ፣ 150፣ 180 እያላችሁ። ከ60 ወደ 120 አትዝለሉ። ቫርኒሽ ስትቀቡ የተደበቀው ጭረት ሁሉ ብቅ ይላል፣ ያኔ ደግሞ መመለሻ የለም።

ቀበቶው ውስጥ በኩል ቀስት አለ። ማሽኑ ላይም ቀስት አለ። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልከቱ። መጋጠሚያው ተደራርቦ የተጣበቀ ቀበቶ ተገልብጦ ከገባ ጫፉ እንጨቱን እየመታ ይላጣል፣ ቶሎም ይበጠሳል። ቀስት የሌለው ቀበቶ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል።

ጽድ ዘይትና ሙጫ ስላለው ቀበቶ ይደፍናል። ሲደፈን አትጣሉት። ለዚህ የሚሸጥ የጎማ ማጽጃ አለ፤ ካጣችሁ ያረጀ ጫማ ክሬፕ ሶል፣ ያ ለስላሳ ቢጫ ጎማ፣ የሚሮጠው ቀበቶ ላይ ቀስ ብላችሁ ደግፉት። ሰጋቱራውን ነቅሎ ያወጣዋል። ቀበቶዎቹን ደግሞ አጥፋችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስገቡ። ወፍራም ቱቦ ላይ አንጠልጥሏቸው፣ እርጥበት አያግኛቸው። ክረምት ላይ ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ቀበቶ መጋጠሚያው ይለቃል።

እንጨቱን ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርግብኛል። ማሽኑ ነው ወይስ እኔ?

ብዙ ጊዜ አያያዙ ነው፣ ደስ የሚለው ደግሞ በአንድ ቀን ይስተካከላል።

ማሽኑን እንጨቱ ላይ አስቀምጣችሁ አታብሩት። አየር ላይ አብሩት፣ ፍጥነቱ ይሙላ፣ ከዚያ ወደፊት እየሄዳችሁ እንደ አውሮፕላን አሳርፉት። ስትጨርሱም እየሮጠ አንሱት። አንድ ቦታ ላይ ለአንድ ሰከንድ እንኳ አትቁሙ። አትጫኑት፤ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ስትጫኑት ሞተሩ ይግላል፣ ቀበቶው ይቃጠላል፣ እንጨቱም ይጠቁራል። ማሽኑ ወደፊት ሊያመልጣችሁ ይፈልጋል፤ የእናንተ ሥራ መግፋት ሳይሆን መያዝ ነው።

ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ከላሜራው ግማሽ በላይ ወደ ውጭ አይውጣ። ከወጣ ማሽኑ ይዘነብልና ጠርዙን ያጎብጠዋል።

የኔ ዘዴ እርሳስ ነው። እንጨቱን በሙሉ በእርሳስ አግድም ሞነጫጭሩት። ከዚያ ሰንደሩን አስሂዱ። እርሳሱ የጠፋበት ከፍ ያለው፣ የቀረበት ዝቅ ያለው ነው። ሁሉም እኩል ሲጠፋ አቁሙ። በኮላ የተጋጠመ ጣውላ ከሆነ መጀመሪያ ከጅማቱ ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ በ60 ሂዱ፣ ሲስተካከል ጅማቱን ተከትላችሁ በ80 እና በ120 ጨርሱ። ዝግባ ለስላሳ ስለሆነ 60ውን ዝለሉት፣ ከ80 ጀምሩ።

ቀበቶው ወደ ጎን እየወጣ ገላውን ይበላል።

በጎን በኩል ትንሽ ብሎን ወይም እጀታ አላት። ማሽኑን ገልብጣችሁ ያዙ፣ አብሩ፣ እጀታዋን በጣም ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ቀበቶው ወደ መሃል ሲመጣ አቁሙ። ቀበቶ በቀየራችሁ ቁጥር ትንሽ ማስተካከል የተለመደ ነው። እያዞራችሁም ካልመጣ ቀበቶው ራሱ ተንጋዶ የተሠራ ይሆናል፤ ሌላ አስገብታችሁ ሞክሩ።

ኮምፔንሳቶ ላይ ልጠቀመው?

አትጠቀሙ። የላይኛው ቅጠል ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በአንድ ምልልስ ይበሳና ከሥሩ ያለው ይወጣል። ለእሱ ኦርቢታልና ቁጥር 150 ይበቃል።

ከፈረሰ ቤት የወጣ ዋንዛ አለኝ። ችግር አለው?

እንዴት ያለ ሀብት ነው ያላችሁ! አሮጌ ዋንዛ ደርቆ የጨረሰ ስለሆነ አይጣመምባችሁም። ግን ሚስማሩን አንድ በአንድ ፈልጋችሁ ንቀሉ። የማግኔት ቁራጭ እንጨቱ ላይ አስሂዱ፣ የተቆረጠ ሚስማር ካለ ይይዛል። ሚስማር ቀበቶ ይቀድዳል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ የሚወጣው ብልጭታ ሰጋቱራ የሞላ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ተዳፍኖ መቆየቱ ነው። እሳቱ የሚነሳው እናንተ ቤት ገብታችሁ እራት ስትበሉ ነው። ሥራ ስትጨርሱ ከረጢቱን ሁልጊዜ ውጭ ባዶ አድርጉት። አሮጌ ቀለም ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ሕፃናት ባሉበት ግቢ በሰንደር አትላጡት።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። አቧራውና ጩኸቱስ?

እውነቱን ልናገር። ቤልት ሰንደር የኮንዶሚኒየም ዕቃ አይደለም። ማሽኑ ላይ ያለችው የጨርቅ ከረጢት ሻካራውን ብናኝ ትይዛለች፣ የሚጎዳውን ደቃቁን ግን አትይዝም። በረንዳ ላይ ብትሠሩ እንኳ የጎረቤት ልብስ ላይ ያርፋል። የግድ ከሆነ ቫኪዩም ከማሽኑ አፍ ጋር አገናኙ፣ ቀኑን ለጎረቤት ተናገሩ፣ እሑድ ጠዋትን ተዉት።

የትም ብትሠሩ ማስክ አድርጉ። በጨርቅ የተሠራው አይበቃም፣ ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 የሚል ጽሑፍ ያለበትን። የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድቦታል። ብዙ ጎበዝ አናጢዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ማስክ ሠርተው ሲያስሉ አውቃለሁ፣ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ጆሮም ይሸፈን።

ኤክስቴንሽን ችግር አለው?

ቀጭን ከሆነ አለው። 1200 ዋት ማሽን በ220 ቮልት አምስት አምፔር ተኩል አካባቢ ይስባል። ለአጭር ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይችለዋል፣ ግቢ አቋርጣችሁ የምትወስዱት ከሆነ ግን 2.5 ይሁን። ጥቅሉን ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ እንደተጠቀለለ ይግላል። ሽቦውን ከትከሻችሁ ላይ አሳልፉት፣ ከቀበቶው ፊት ከተኛ ይበላዋል።

እየሠራሁ መብራት ቢጠፋስ?

ይህን ማንም አይነግራችሁም። ማሽኑ እጀታ ላይ ማብሪያውን ቆልፎ የሚይዝ ቁልፍ አለ። ጣት እንዳይደክም ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ እናንተም ባንኮው ላይ አስቀምጣችሁት ቡና ልትጠጡ ትሄዳላችሁ። ቁልፉ ግን እንደተያዘ ነው። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ተነስቶ እንደ መኪና ይነዳል፣ ከባንኮው ዘሎ ይወድቃል፣ ሥር ልጅ ካለ ልጁ ላይ።

የጓደኛዬ ማሽን በዚህ መንገድ ነው ሲሚንቶ ላይ ወድቆ የተሰበረው። ሰው አለመጎዳቱ ዕድል ነበር። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቅጽበት፣ ከምንም ነገር በፊት፣ ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። ቀበቶ ስትቀይሩም እንዲሁ። እኔ መቆለፊያውን ከናካቴው መጠቀም ትቻለሁ፤ ጣቴ ሲደክመው ማሽኑም እኔም እናርፋለን።